ከደብተሩ ጋር ሰውም ላኩልን

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ ደሴ እንደተለመደው ብርድ ነው ግን አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ዛሬ ስለ ትልልቅ ሱቆቻችን ልጻፍ ብዬ ነው፣ ማለቴ ሱፐርማርኬቶቹ፣ ጅምላ አከፋፋዮቹ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ እየከፈቱ ያሉት። እነዚህ ሰዎች መስጠት ያውቃሉ ይሄን ማንም አይክደውም፣ በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ደርሶ መጋዘኑ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ የቀረው ነጋዴ እንኳን የተረፈችውን ዱቄትና ዘይት ለጎረቤት ሲያካፍል በአይኔ አይቻለሁ፣ አላህ ይጨምርለት ነው የምለው። አሁንም መስከረም ሲጠባ ደብተር፣ ረመዳን ሲገባ ቴምርና ዘይት፣ ለፋሲካ ዶሮና እንቁላል ይመጣል።

የምለምናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። የሠራተኞቻቸውን ሰዓት። ደመወዝ ሳይቆረጥ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለፈቀደ ሠራተኛ ብቻ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቅሬያችን (እድራችን ማለት ነው) አዳራሹ ውስጥ ለ8ኛ ክፍል ልጆች ማጠናከሪያ ጀምሯል፣ ሚኒስትሪ የሚፈተኑት ማለት ነው። አዳራሽ አልኩ እንጂ ግማሹ የለቅሶ ድንኳንና ድስት የተከማቸበት ነው፣ ጥቁር ሰሌዳውም የቆመው የድንኳኑን ቋሚዎች ተደግፎ ነው። ሒሳብ የምታስተምራቸው የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ሒሳብ ነው፣ አሁን የምትሠራው ግን አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆና ነው። ስትመጣ የሱቁን ቲሸርት እንኳን ሳታወልቅ ነው የምትመጣው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለ እግር ይዛ። አንድ ቀን ምን አደረገች መሰላችሁ፣ በመቶኛ አልገባ ሲላቸው ከቦርሳዋ የደረሰኝ ክምር አወጣችና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ አደለቻቸው፣ ከዛ ከታች ያለውን ድምር በጣታችሁ ሸፍኑና 15 በመቶ ቫቱን ራሳችሁ አውጡ፣ ስትጨርሱ ጣታችሁን አንሱና እዩት አለቻቸው። አዳራሹ በአንዴ በጩኸት ተሞላ፣ ሁሉም የራሱን ለማሳየት ይሻማል። እኔ በር ላይ ቆሜ እምባዬ መጣ ወላሂ። ግን ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ ሴት ልጆች ያሏቸው እናቶች ጨለመ እያሉ መጥሪያ ሲልኩ ግማሾቹ ሳይጨርሱ ወጡ። ይቺ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን በ9 ሰዓት ብትመጣልን ልጆቹ ቀን በብርሃን ተምረው ይገቡ ነበር፣ ለሒሳቡ ሌላ የጎደለን ነገር የለም።

ጊዜዋ ከየት ይምጣ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው የሚለው፣ ያ ማለት ስድስት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ነው፣ ሱቅ ደግሞ ማታም ክፍት ነው። በጎ ፈቃድ ብለን ከሰው እረፍት ላይ ነው የምንቆርጠው።

ውጭ አገር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ዋልማርት የሚባለው የአሜሪካ ሱቅ ሠራተኛው በፈቃዱ ያገለገለበትን ሰዓት ቆጥሮ ላገለገለበት ድርጅት ገንዘብ ይሰጣል፣ ከዛ ሌላ በየሰፈሩ ላሉ ትንንሽ ማህበራት ከ250 እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አለው። ታርጌት የሚባለው ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ከትርፉ 5 በመቶ ለማህበረሰብ ይሰጣል (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እኔን በጣም ደስ ያለኝ ግን የእንግሊዙ ቴስኮ ነው፣ ደንበኛው ሂሳብ ሲከፍል ሰማያዊ ቶክን ይሰጠዋል፣ ከዛ በር አካባቢ ካሉት ሳጥኖች ውስጥ የሚደግፈውን የሰፈር ሥራ መርጦ ይጥላል፣ ገንዘቡ የሚከፋፈለው በዛ መሠረት ነው። አያችሁ፣ ማን የበለጠ ይረዳ የሚለውን የሚወስነው ገዢው ራሱ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሳጥንም አያስፈልግም፣ ቅሬ አለን። የትኛዋ እናት ቤቷ እንደሚያፈስ፣ የማን ልጅ ደብተር እንደሌለው፣ ማን ታሞ እንደተኛ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የቅሬ ዳኛው (መሪው) በስም ያውቀዋል። ሱቁ የሚያደርገው ግን መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ባነር ይዘረጋል፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ደብተር ወደላይ አንሱ ይባላሉ፣ ፎቶ፣ አለቀ። ያቺ ደብተር ይዛ የተነሳችው ልጅ ነገ ክፍል ውስጥ ምን ሊሏት እንደሚችሉ የሚያስብ ሰው የለም በጣም ነው የሚያመኝ። ለቅሬው ሰጥታችሁ ብትሄዱ ማታ ጨለማን ለብሶ የየሰው ደጅ ይደርስ ነበር።

ሱቆቹ የደረሰኝ ጉዳይ እንዳለባቸው ይገባኛል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ነጋዴው ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይያዝለታል፣ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ቅሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ መዝገብ እንጂ ማህተም ያለው ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ብሩንና እቃውን በተመዘገበ ድርጅት በኩል አድርጉት፣ ቅሬው ደግሞ ማን ይረዳ የሚለውን ይጠቁም፣ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። የሠራተኛ ሰዓት ግን ደረሰኝ አይፈልግም፣ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። ዘካውንም ከዚህ ጋ እንዳታቀላቅሉት፣ 2.5 በመቶው ባለቤቱ ለአላህ ያለበት ነው፣ እኔ የማወራው ሱቁ እንደ ሱቅ ለሰፈሩ ስለሚያደርገው ነው።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ይሄ ነገር ግዴታ እንዳይሆን። ሠራተኛው ሳይጠየቅ ከደመወዙ ተቆርጦ ድርጅታችን ይሄን ያህል ለገሰ ሲባል ሰምተናል፣ ያ በጎ ፈቃድ አይደለም። ማረፍ የምትፈልግ ልጅ ትረፍ፣ ልጇ ቤት የሚጠብቃት እናት ትሂድ፣ ስም ዝርዝር ተለጥፎ ማን ቀረ ማን መጣ አይባል። ሦስት ሠራተኛ ያለውን ሱቅም አልጠይቅም፣ ካሸሩ ላይ ማን ይቀመጥ? ሃያ ሠላሳ ሰው ያላችሁትን ነው። ሰኞ አይሆንም አውቃለሁ፣ ሰኞ ገበያ ነው ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ ከተማ ነው የሚውለው። ረቡዕ ወይ ሐሙስ ከሰዓት ግን ሱቅ ቀዝቀዝ ይላል፣ ተራ በተራ ሁለት ሁለት ሰው ቢወጣ ማንም አይጎዳም።

ይሄን የምታነቡ የሱቅ ባለቤቶች፣ ወይም አባታችሁ አጎታችሁ ሱቅ ያላቸው፣ እስቲ አሳዩዋቸው። እሺ ያለ ሰው በሰፈሩ ያለውን የቅሬ ዳኛ ሄዶ ያናግር፣ ምን ጎደላችሁ ብሎ ይጠይቅ። እኛ ጋ ሒሳብ የምታስተምር አለች ብያችኋለሁ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ግን እስካሁን የሚያስተምር አላገኘንም፣ የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ እየቀረበ ነው።