መጋጠሚያን እንደ ራሱን የቻለ አካል መመዝገብ

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ የማቀዝቀዣ ውሃ መስመሩን መረጃ በኦንቶሎጂ (ነገሮችንና ዝምድናቸውን ኮምፒውተር ሊያገናዝበው በሚችል መልክ በሚመዘግብ ሞዴል) እንዳደራጅ ተመድቤ ነበር። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት በቧንቧው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ለጽዳት አንድ ቫልቭ ሲዘጋ የትኛው ማሽን ውሃ እንደሚያጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ፓምፕንና ቧንቧን «ተገናኝቷል» በሚል ዝምድና ማያያዝ ቀላል ነው። ሆኖም ኦንቶሎጂው የተጻፈበት ቋንቋ የኦ.ደብሊው.ኤል (OWL) ዝምድና ሁለት ነገሮችን ብቻ ስለሚያያይዝ፣ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት (ውሃ እንዳያፈስ የሚገባው ማሸጊያ) ከምን እንደተሠራና ብሎኖቹ መቼ እንደጠበቁ የሚጻፍበት ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ መጋጠሚያውን ራሱን የቻለ አካል አደረግሁት፤ ሁለቱ ፍላንጆች (በብሎን የሚታሰሩት የቧንቧና የፓምፕ ከንፈሮች) ጫፎቹ፣ ጋስኬቱና ብሎኖቹ ደግሞ ክፍሎቹ ሆኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የፋብሪካ መረጃን ለማደራጀት የሚያገለግለው የአይ.ኤስ.ኦ 15926 ዓለም አቀፍ ደረጃ ክፍል 2ም ግንኙነትን የሚያየው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

መጋጠምንና ፍሰትን መለየት ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል። መጋጠም አቅጣጫ የለውም፤ ፍሰት ግን አለው። ሞተሩ በካፕሊንግ (ሁለት ዘንጎችን በሚያያይዝ ማገናኛ) ከፓምፑ ጋር ተጋጥሟል፤ የሚያስተላልፈው ግን የመዞር ኃይል እንጂ ውሃ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ዝምድና ቢጻፉ ኖሮ ኮምፒውተሩ ውሃው ወደ ሞተሩ ይፈሳል ብሎ ይደመድም ነበር።

ንድፉን ያሳየኋቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ «ልጄ፣ ፓምፑን ፈትቼ ወርክሾፕ ስወስደው መስመሩም አብሮኝ ይሄዳል እንዴ?» አሉኝ። «አይሄድም ጋሼ» ብዬ፣ በመስመሩ ላይ ያለውን የፓምፕ ቦታ ተከታታይ ቁጥር ካለው ዕቃ ለይቼ መዘገብኩት። ፍሰቱ የቦታው ሆነ፤ መጋጠሚያው ግን የዕቃው ስለሆነ የተገጠመበትና የተፈታበት ቀን ይጻፍለታል።

«በፍሰቱ ከእርሱ በታች ነው» የሚለውን ዝምድና ተሸጋጋሪ አድርጌ (ሀ ከለ በታች፣ ለ ከሐ በታች ከሆነ ሀም ከሐ በታች ነው ማለት ነው) «በቀጥታ ከእርሱ ይመገባል» የሚለውን ከሥሩ አስገባሁ፤ በተጠቀምኩበት የቋንቋው ዓይነት በኦ.ደብሊው.ኤል 2 ዲ.ኤል ተሸጋጋሪ ዝምድና ላይ የቁጥር ገደብ (ለምሳሌ «ቢበዛ ከአንድ») መጣል ስለማይፈቀድ ገደቦቹ ያረፉት በቀጥተኛው ላይ ነው። ይህም ቢሆን ከቫልቩ በታች ያለውን እንጂ ውሃ የሚያጣውን አይነግረንም፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መስመር ሊኖር ይችላልና። ኦንቶሎጂው ያልተጻፈን ግንኙነት እንደሌለ ስለማይቆጥርም ይህን ጥያቄ ለተራ የግራፍ ፕሮግራም (መስመሩን እንደ ነጥቦችና ማያያዣዎች መረብ ለሚያይ ፕሮግራም) ሰጠሁት፤ ፕሮግራሙ ቫልቩን ከመረቡ ያወጣና ከፓምፖቹ ተነስቶ የማይደረስባቸውን ማሽኖች ይዘረዝራል።