ያልሰቀልኩት ግሉኮስ

በነርስነት ደሴ ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የዋርዱን መስኮት ሸፍኖታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ታላቅ ወንድሙን ተደግፎ ገባ። ሁለቱም ኮምቦልቻ ሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት ይውላሉ፤ ማታ ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል፣ ብርድ ልብስ እየተጋሩ ያድራሉ። የልጁ ትኩሳት 39.6፣ ዓይኑ ቢጫ፣ አፍንጫው የደረቀ ደም አለበት። «ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አተኩሶት ለቆት ነበር» አለኝ ወንድሙ።

የላብራቶሪው ልጅ «ሲስተር፣ ነይ እዪው» ብሎ ጠራኝ። ስላይዱ ላይ፣ በቀይ የደም ሴሎች መሐል፣ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች ተበትነዋል። ግርሻ ነው፤ እኛ በሥራ ላይ ሪላፕሲንግ ፊቨር የምንለው። ቦሬሊያ የተባለው ጀርም በልብስ ቅማል ነው የሚመጣው።

የዶክተሩ ትእዛዝ ካርዱ ላይ ግልጽ ነበር። መጀመሪያ የደም ሥር ተከፍቶ ግሉኮስ ይሰቀል፤ ከዚያ ፕሮኬን ፔኒሲሊን 400,000 ዩኒት በጡንቻ ይሰጥ፤ ከአልጋ አይውረድ። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ የደም ሥሩ አመለጠኝ። ሌላ ታማሚም እየጠራኝ ነበር። መርፌውን ሰጠሁና ግሉኮሱን ለበኋላ አቆየሁት። ወንድሙንም «አብሽር፣ መድኃኒቱን ወስዷል፤ አሁን ይተኛል» አልኩት።

ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የአልጋው ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንለት እንኳ ጥርሱ ይፋጫል፣ አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጣል። ለካሁት፤ 40.9። ወንድሙ «ምን ወጋሽው? በእግሩ የመጣ ልጅ!» ብሎ ጮኸብኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ፓራሲታሞል ሰጠሁት፤ በእርጥብ ጨርቅ አበረድኩት። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወው፤ ላብ በላብ ሆነ። እኔም ዳነ ብዬ እፎይ አልኩ። «ሽንቴ መጣ» ሲል ወንድሙን «ይዘኸው ውጣ» አልኩት።

በሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። ላይኛው የደም ግፊት 60። መሬት ላይ እንዳለ እግሩን ከፍ አድርገን ያዝን፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ የደም ሥር ፈለግሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ መርፌው ደም መለሰልኝ። ያ ሳልሰቅለው የቀረሁት ግሉኮስ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተሰቀለ።

ልጁ ሲረጋጋ ዶክተሩ በቤተሰብ ፊት አልተቆጣኝም። ወደ ተረኞች ክፍል ወሰደኝና የጓንት ካርቶን ቀድዶ ጀርባው ላይ ክብ ሣለ።

«ይኼ ነጭ የደም ሴል ነው። ላዩ ላይ ቶል ላይክ ሪሴፕተር 2 የሚባል ተቀባይ አለው። ቦሬሊያ የለበሰውን ቅባት ያለበት ፕሮቲን ሲነካ ያውቀዋል፤ በክትባት ወይም ታሞ የተማረው አይደለም፣ ይዞት የተወለደው ነው። ፔኒሲሊኑ ሲገባ ጀርሙ በጅምላ ይፈርሳል፣ ስብርባሪው ደም ውስጥ ይፈሳል። ተቀባዮቹ ባንዴ ይቀሰቀሳሉ፤ ሴሉ ቲ.ኤን.ኤፍ የሚባለውን የማንቂያ ፕሮቲንና መሰሎቹን ይረጫል። መጀመሪያ ብርድና ትኩሳት፤ ቀጥሎ የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ግፊት ይወርዳል። አንቺ ዳነ ብለሽ ያስነሳሽው ዋናው አደጋ በገባበት ሰዓት ነው።»

ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ነው። ስሙን ለፈተና ሸምድጄው አውቃለሁ፤ አልጋ ላይ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም። እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ የተሠራውን ጥናት የነገረኝም እሱ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ49 የግርሻ ታማሚዎች ላይ። ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲ.ኤን.ኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ተንቀጠቀጡ፤ ከተሰጣቸው 20 ግን 10 ብቻ። እኔ ጋ ግን ያ መድኃኒት የለም። ያለኝ ግሉኮስ፣ የግፊት መለኪያ እና ዓይኔ ነው።

«ታዲያ ይህ ተቀባይ ባይኖረን አይሻልም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ከልቤ ነበር፤ ያን ሰዓት ጠልቼዋለሁ።

የአይጦቹን ታሪክ ነገረኝ። የዚህ ተቀባይ ወንድም የሆነው ቶል ላይክ ሪሴፕተር 4 የማይሠራላቸው አይጦች አሉ፤ ጉድለቱን በ1998 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳየው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የብሩስ ቦይትለር ቡድን ነው፣ ቦይትለርም በ2011 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። አይጦቹ ሌሎችን የሚገድለውን የባክቴሪያ ቅርፊት መርዝ ቢወጉ ምንም አይሆኑም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ጥቂት እንኳ ሲገባባቸው ግን ያልቃሉ፤ ጠላት መግባቱን የሚነግራቸው የለማ። በሰውም ይህንኑ ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ለሴፕሲስ፣ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ ለሚመጣው ሕመም፣ ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ ልጁን በር ላይ የጣለው ነገር እዚያ ሰዓት ድረስ በሕይወት ያቆየውም ነበር።

ጠዋት ልጁ አብሽ ጠየቀ። ግፊቱ 105 ደርሷል። ወንድሙን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ማታ ልነግረው የሚገባኝን ያን ጊዜ ነገርኩት። ስለ ቅማሉም ነገርኩት፤ በጥፍር እንዳይጨፈልቀው፣ ጀርሙ ያለው ቅማሉ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ እንደሆነና ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጠጠ ቆዳ እንደሚገባ፣ ልብሳቸው ሁሉ በፈላ ውሃ እንዲቀቀል። ጋቢውን ገልብጠን ስፌቱን መስኮት ጋ አየነው፤ እንደ ሰሊጥ ተሰድረዋል።

ስናገር እሱ ጎኑን ያክ ነበር። እጄን ግንባሩ ላይ አደረግሁ። ቴርሞሜትሩ 38.9 አለ፤ ስላይዱም ያንኑ ስፕሪንግ አሳየን።

የእሱን የደም ሥር ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ግሉኮሱ መውረዱን አይቼ፣ ፖፖ ከአልጋው ሥር አስቀምጬ፣ «ትንሽ ቆይቶ ያንቀጠቅጥሃል፤ ሲለቅህም እንዳትነሳ» ብዬው ነው መርፌውን የሰጠሁት። ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ጥርሱ መፋጨት ሲጀምር ቀና ብሎ አየኝ።

«ሲስተር፣ ያልሽኝ ይኼ ነው?»

«እሱ ነው» አልኩትና የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠመጠምኩ።