የሚለገሰውን ጫማ ማን ሰፋው?

ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ማስቲሽ ክፍል ሠርቻለሁ። «አንድ ሲገዙ አንድ ለድሃ ልጅ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ፎቶው ላይ ባለው ሕፃን ላይ ሳይሆን በሶሉ ጠርዝ ላይ ነው። ያንን ሶል የለጠፈችው ሴት ጭንብል ነበራት? ክፍሉ አየር ያስገባ ነበር? አንዳንድ ማስቲሽ የሚሟሟበት ሄክሴን ለረጅም ጊዜ ከተተነፈሰ ነርቭ ይጎዳል፤ መደንዘዙ የሚጀምረው ከእግርና ከእጅ ጣቶች ነው። ለልጅ እግር ጫማ እየለጠፈች የራሷ እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ልግስናውን የከፈለችው እሷ ናት።

እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ቀድመን እንሰማ ነበር። ጓንትና ጭንብል የሚታደለን በዋዜማው ነው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ተመልሶ ይሰበሰባል። ስለዚህ «ፋብሪካዎቻችን ኦዲት ይደረጋሉ» መባሉ ብቻውን አያሳምነኝም።

ጫማ መለገስ ከንቱ ነው አልልም። በአንዳንድ አካባቢዎች በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ ጫማ ይከላከለዋል። ይህን «አንድ ሲገዙ አንድ» አሠራር በዓለም ያስተዋወቀው ቶምስ የተባለው የአሜሪካ ጫማ ኩባንያ ነው። ብሌክ ማይኮስኪ አርጀንቲናን ጎብኝቶ በ2006 እ.ኤ.አ. መሠረተው፤ በ2014 ቤይን ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ግማሹን ሲገዛ ኩባንያው 625 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ትችት ሲበረታበትም በ2013 ከሚለግሰው ጫማ አንድ ሦስተኛውን በሚለግስባቸው አካባቢዎች ለማምረት ቃል ገብቶ ነበር። ሥራ መፈጠሩ መልካም ነው። ግን በስንት ደመወዝ? የተለገሰው ጥንድ ብዛት በትልቁ ሲጻፍ አያለሁ፤ የጫማ ሰፊዋ የወር ገቢ ማስታወቂያ ላይ ሰፍሮ አይቼ አላውቅም።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «የአገሩን የደመወዝ ሕግ እናከብራለን» ነው። የሕጉ ወለል ግን ብዙ ቦታ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም። እናቱ ቀኑን ሙሉ ጫማ ስትሰፋ ውላ ለእሱ መግዛት ያቃታት ልጅ ጫማ ቢለገሰው፣ ለእኔ ይህ ከደሞዟ የተቀነሰው በሌላ እጅ መመለሱ ነው።

ከእነዚህ ኩባንያዎች ለአንዱ ጽፌያለሁ። የፋብሪካዎቻችሁ ስም ማን ነው? ሠራተኛዋ ያለ ኦቨርታይም በወር ስንት እጇ ይገባል? ማኅበር ብታቋቁም ከሥራ አትባረርም? ማስቲሹስ በምን ይሟሟል? መልሳቸው ሲመጣ እዚሁ ሙሉውን አወጣዋለሁ።