ኮብልስቶንም የፍጥነት መንገድም፦ ሴሊካን ለአዳማ ያስተካከልኩበት ቅደም ተከተል

ሴሊካዋ በየቀኑ የምትነዳ መኪና ናት። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ኮብልስቶን ይጠብቃታል፤ ከዚያ ሰፈርተኛው ራሱ ያሠራቸው ሦስት የፍጥነት መቀነሻዎች፣ ከዚያ ባጃጅ የበዛበት የከተማ አስፋልት። በሳምንት ሁለት ጊዜ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ትይዛለች። አንዳንዴ ደግሞ በደራና በኢተያ አድርጋ ወደ አሰላ ትወጣለች፤ እዚያ ዳገትና ጥምዝ አለ። ሥራው እነዚህን ሦስት ዓይነት መንገዶች በአንድ ሞላ (ክብደቱን በሚሸከመው) እና በአንድ ሾክ (የሞላውን መወዛወዝ በሚያበርደው) ማስተናገድ ነበር።

መኪናዋ ሰባተኛው ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ፣ ዜድዜድቲ 230 የሚባለው ነች። ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው፤ በፊት ጎማ ትጎተታለች፤ ፊቷ ማክፈርሰን ስትራት (ሞላና ሾኩ በአንድ ምሰሶ)፣ ኋላዋ ደብል ዊሽቦን (ከላይም ከታችም ክንድ ያለው) ነው። የምጽፈው ግን ለኮሮላም ለያሪስም ይሠራል፤ ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ብዙዎቻችን ምቾት ሲጨምር መንገድ አያያዝ የሚቀንስ፣ አያያዝ ሲጨምር ደግሞ ወገብ የሚሰበር ይመስለናል። ሞላ በጣም ሲጠነክር ይህ እውነት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያበላሹ ነገሮች አሉ፤ ያለቀ ሾክ፣ የተቀደደ ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ላስቲክ)፣ ያረጀ ጎማ፣ ያጠረ የሾክ ጉዞ። እነዚህ ሲስተካከሉ ምቾቱም አያያዙም አብረው ይመለሳሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን መኪና ወደ ጤናው መመለስ ከማሳመር ይቀድማል።

ስለዚህ የጀመርኩት ከጎሚኒ ነው። የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ከውስጥም ከውጭም ከብረት ጋር የተጣበቀ ላስቲክ ነው። እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም፤ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። በዚህም ምክንያት ብሎኑ መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ወርዶበት ሳለ ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ይጠብቅና ይወርዳል። ያኔ ላስቲኩ ገና መሬት ሲነካ ተጠምዝዟል፤ ቆሞ ባለበት እንኳ ተወጥሮ ያድራል። መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ትንሿን ጉድጓድ ሳይቀር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። አዲስ ጎሚኒ ቶሎ ያልቃል እየተባለ ዕቃው ይረገማል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአገጣጠሙ ነው። ባትሪ አብርቶ ከታች ማየት ይበቃል፦ ስንጥቁ በላስቲኩ ዳር ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይዞራል፤ ውስጡ የገባው አፈርም መስመሩን ነጭ አድርጎ ያሳያል።

እኔ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ይዤ ጎማውን ገጠምኩ፤ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ላይ አስቀምጬ ፊቷን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ጫንኩ፤ ከዚያ ከሥር ገብቼ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጠበቅኩ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። የኋላውን አራቱንም አርም እንዲሁ አደረግኩ። ሞላ ከተቀየረና መኪናው ዝቅ ካለ በኋላም ሁሉንም ብሎን ማላላትና በአዲሱ ከፍታ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

በአርም ላይ ፖሊዩሬታን (ከተራው ላስቲክ የጠነከረ) ጎሚኒ አላስገባሁም። መሪው ላይ ጥርት ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የኮብልስቶኑን እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ወለሉ ያስተላልፋል፣ አቧራ ሲገባበትም ይንጫጫል። ፖሊዩሬታን የተጠቀምኩት በስታቢላይዘር ባሩ (መኪናው ጥምዝ ላይ እንዳያዘነብል ግራና ቀኙን በሚያያይዘው ዘንግ) መያዣ ላይ ብቻ ነው፤ በሲሊኮን ግሪስ፣ በማዕድን ዘይት ግሪስ አይደለም። አብሬም የስትራቱን የላይ መቀመጫና ኩሽኔታውን ቀየርኩ። መሪ ሲዞር ከፊት "ትንግ" የሚል ድምፅ ካለ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ጎማ ላይ ረጅም ጊዜ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ከአንድ ውሳኔ ብዙ የሚገኘው እዚህ ነው። 195/60 አር 15 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው የስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች) የጎን ግድግዳው 117 ሚሊ ሜትር ነው። 205/50 አር 16 ወደ 102 ይወርዳል። 215/40 አር 17 ሲሆን 86 ይቀራል፤ ዙሩም ስለሚያንስ የፍጥነት ሜትሩ ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ያ የጠፋው 31 ሚሊ ሜትር የመጀመሪያው ሞላ ነበር። የኮብልስቶን ጠርዝ ጎማውን ሲመታ ሾኩ ገና ሳይንቀሳቀስ የሚቀበለው የጎማው ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ቸርኬ ይከብዳል፤ ሾኩ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ከባድ ነገር ማስቆም አይችልም፣ ጎማውም ከመሬት ይለቃል። እኔ 205/50 አር 16 ላይ ቆምኩ። ጥምዝ ላይ ከ15ቱ ይልቅ መሪው ቶሎ ይመልሳል፤ ቸርኬውም እስካሁን አልተጣመመም። ጎማ ሲገዛ በግድግዳው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ማንበብ አይረሳ፦ 2322 ማለት በ2022 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ አምስት ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ሊደርቅ፣ ዝናብ ላይም ሊንሸራተት ይችላል። የቸርኬውን ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደገምኩት።

አሁን ሞላና ሾክ። "ስፖርት ይሁንልኝ" ሲባል መጀመሪያ የሚቀርበው ሐሳብ ሞላ መቁረጥ ነው። የሚሠራ አምስት ተኩል ዙር ካለው ሞላ አንድ ዙር ሲቆረጥ ጥንካሬው በ22 በመቶ ይጨምራል፤ ያ ብቻውን ባልከፋ። የሚከፋው ሌላው ነው፦ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል አይተኛም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ይላላል፣ ከቦታውም ሊወጣ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ የሾኩ የመውረጃ ጉዞ ያጥራል።

ጉዞውን በዓይን ማየት ይቻላል። የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ሰብስቤ በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ አጥብቄ አሰርኩ፤ ከሾኩ አፍ ጋር አስጠጋሁት። ሾኩ ሲወርድ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው እዚያው ይቀራል። ኮብልስቶኑን በሰዓት 25፣ መቀነሻዎቹን በ15 ኪሎ ሜትር አልፌ ስመለስ በዘንጉ ላይ ምን ያህል እንደተጓዘ በካሊፐር አነባለሁ። ዘንጉ ላይ ያለው ባምፕ ስቶፕ የሚባለው ላስቲክ ከተነካ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ምልክት ይተዋል። በፋብሪካው ከፍታ 18 ሚሊ ሜትር ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ዝቅ ማድረግ የምችለው ቢበዛ 15 ነው አልኩ፤ 30 ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ርካሽ ቢሆንም ተውኩት።

ባምፕ ስቶፕ መነካት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥምዝ መሐል ላይ የውጭው የፊት ስትራት ላስቲኩ ላይ ሲቀመጥ የሞላው ጥንካሬ በአንዴ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ የፊቱ ጎማ መያዙን ያጣና መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ኋላ ላይ ከሆነ ጅራቷ ይወጣል። ማክፈርሰን ላይ ሌላም ችግር አለ፦ መኪናው በጣም ሲወርድ የታችኛው አርም ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ መኪናው የሚያዘነብልበት መዞሪያ ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ውጤቱ ዝቅ ያለች መኪና ከበፊቱ የበለጠ ማዘንበሏ ነው።

የጥንካሬውን ልክ ለመምረጥ ቀላል ስሌት አለ። አንድ የፊት ጎማ ላይ፣ ጎማና ፍሬን ሳይቆጠር፣ ከእኔ ጋር ወደ 320 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ተራ መኪና በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል። 6 ኪሎ ግራም (59 ኒውተን ገደማ) በሚሊ ሜትር ሞላ ይዞ የሚመጣ ኮይሎቨር (ሞላና ሾኩ አብሮ የተገጠመ ስብስብ) ብገጥም በዚህ ክብደት 2.16 ጊዜ ይደርሳል፤ ይህ ለውድድር ሜዳ እንጂ ለኮብልስቶን አይደለም። እኔ የገጠምኩት በሚሊ ሜትር 27 ኒውተን ገደማ ነው፤ 1.46 ጊዜ ይሰጣል። ኋላውን በአሥር በመቶ ገደማ ፈጠን አደረግኩት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የኋላው ጎማ ያንኑ ጉብታ የሚመታው ከፊቱ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ኋላው ትንሽ ፈጠን ካለ ፊቱን ይደርስበትና መኪናው እንደ ጀልባ ከመናጥ ይልቅ አንድ ላይ ይቀመጣል።

ሾኩን ባለ ሁለት ቱቦ ጋዝ ኬዋይቢ (የጃፓን ብራንድ) አደረግኩ፣ አዲስ፣ አራቱንም በአንዴ። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ወይም ሳልቫጅ (ያገለገለ) መግጠም የሞላውን ገንዘብ መጣል ነው። ሞላ በ25 በመቶ ሲጠነክር ሾኩ መጨመር ያለበት በ12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የሚከተለው የጥንካሬውን ስኩዌር ሩት ነውና። ስለዚህ ጤነኛ የፋብሪካ ዓይነት ሾክ ይችለዋል። የሚስተካከል ሾክ ለሚገጥም ግን አንድ ነገር ልበል፤ በአብዛኛው አንድ ማዞሪያ ያለው ሾክ በብዛት የሚቀይረው መመለሻውን፣ ማለትም ሾኩ ተጨምቆ ሲረዝም ያለውን ግትርነት ነው። በጣም ሲጠነክር ጎማው ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ቀጣዩ ይመታዋል፤ መኪናው በኮብልስቶን ላይ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ባምፕ ስቶፕ ላይ ይቀመጣል። "ሞላው ደረቀብኝ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማዞሪያውን ማላላት ይፈውሰዋል።

የፊቱን ስታቢላይዘር ባር አልነካሁም። ውፍረት ከ22 ወደ 24 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ባሩ 42 በመቶ ይጠነክራል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባም ጭንቅላትን ግራና ቀኝ ይንጣል።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የመጨረሻው ነው፤ ታይ ሮድና ቦል ጆይንት (የመሪውና የአርሙ መጋጠሚያዎች) ላላ ብለው ከሆነ ግን ከንቱ ልፋት ነው። ግማሽ ታንክ ነዳጅ አድርጌ፣ ሹፌር መቀመጫው ላይ የራሴን ክብደት የሚያህል የአሸዋ ከረጢት ጭኜ አሠራሁ። ፊት ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ የሚያዘነብልበት ልክ) ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፣ በላይኛው የስትራት ብሎን ምትክ በካምበር ብሎን፤ ፊት ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) ዜሮ፤ ኋላ ቶ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። የኋላውን መጀመሪያ ዜሮ አድርጌው ነበር። አዳማ ደግሞ ነፋሷ የታወቀ ነው፤ 51 ሜጋ ዋት የአዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ከጎን ሲነፍስ ጅራቷ የሚንሸራተት ይመስል ነበር፣ መሪውም በየሰከንዱ እርማት ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ሚሊ ሜትር ያንን አስቀሩት፤ ጎማውም ከ8,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እኩል ነው የተበላው።

የጎማ አየር በጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ 32 ፒኤስአይ። አዲስ አበባ የተሞላ ጎማ በተመሳሳይ ሙቀት አዳማ ላይ 1 ፒኤስአይ ያህል አንሶ ይነበባል፤ ከፍታው ስለሚቀንስ የውጭው አየር ይከብዳልና። የቀትሩ ሙቀት ግን ያንን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ቀን ተለክቶ አየር አይቀነስም። አራት ሰውና ሻንጣ ይዤ ወደ አሰላ ስወጣ ለኋላው 3 ፒኤስአይ እጨምራለሁ። በዚያ ጭነት የኋላው ኬብል ማሰሪያ ከባምፕ ስቶፑ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቆማል።