ካቴናው ሳይፈታ የሚታይ፣ ሲፈታ የሚለካ

ጠዋት ሞተር ሲነሳ የሚሰማ መንኳኳት ሁሉ ካቴና፣ ማለትም ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካሞቹ (ቫልቮቹን ከሚከፍቱት ዘንጎች) ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ አለቀ ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ከጠፋ፣ ሌሊቱን ካቴናውን ወጥሮ ከሚይዘው ወጣሪ ዘይት ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ወጣሪው የሚገፋው በዘይት ግፊት ነውና። የርካሽ ዘይት ፊልትሮ፣ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ላስቲክ ደካማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይትና ፊልትሮ ቀይራችሁ አዳምጡ። ሞተሩ ሞቆም ካንኳኳ ክዳኑ ይከፈት።

ከፒያሳ ሜክሲኮ በመጨናነቅ የሚውል መኪና ኪሎሜትሩ ትንሽ፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ግን ብዙ ነው። የቆሸሸ ዘይት ካቴናውን ይበላዋል። «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም፤ የሚበላው በየመጋጠሚያው ያለው ፒን ነው፣ ጥቂት በጥቂት ተደምሮ ካቴናው ይረዝማል።

ዋን ዜድ ዜድ (1ZZ) የሚባለው የቶዮታ ሞተር ባለው ኮሮላ እንሂድ። ባትሪውን ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) የላይ ክዳን ፍቱ። በ19 ኪያቬ የክራንኩን ቡሎን በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። የፑሊው ጭረት 0 ላይ ሲቆም የሁለቱ ካም ማርሽ ምልክቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ካልተያዩ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። አሁንም ከተዛነፉ ካቴናው ረዝሟል ወይም ጥርስ ዘሏል። ክራንኩና ካሙ አልተገጣጠሙም የሚለው የኮምፒውተር ስህተት፣ ፒ0016 ኮድ፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተጣበቀ ቪቪቲም (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይረው ክፍል) ያንኑ ኮድ ያወጣል።

ወጣሪው ከውጭ በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው። ወጥቶ ሳለ ሞተሩን ንክች እንዳታደርጉ። የወጣሪው መቆለፊያ ጥርስ ሲነሳ የሚገፋው ዘንጉ ሳይያዝ መግባትና መውጣት፣ ሲለቀቅ ደግሞ በጣት ቢገፋም አለመመለስ አለበት። ዘንጉን አስገብታችሁ በመንጠቆው ያዙትና ግጠሙ፤ ከዚያ ክራንኩን ትንሽ ወደ ኋላ ስታዞሩ መንጠቆው ይለቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ ከተረሳ ሞተሩ ሲነሳ ካቴናው ላልቶ ጥርስ ይዘላል።

የፊት ሽፋኑ ከተፈታ ካቴናውን በ14 ኪሎ ያህል ኃይል ወጥራችሁ 16 ቀለበት ለኩ፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ። ከ122.7 ሚሊሜትር ካለፈ ተመልሶ አይገጠምም። ካቴናው የሚንሸራተትባቸው ጋይዶች ፕላስቲክም ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከተበላ ይቀየራል። ጥርሱ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ማርሽ ላይ አዲስ ካቴና መግጠም ብር መጣል ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካቴና ርካሽ ይገኛል፤ ካሊፐር (ሚሊሜትር መለኪያ) ይዞ ያልሄደ ግን ያንኑ ያረጀውን ገዝቶ ይመጣል።

ሽፋኑ ሲመለስ ሲሊኮኑ ይቅጠን። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ወድቆ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋና አዲሱ ወጣሪም ዘይት ይጠማዋል።