የማቱሳዶና ሣር እና የካሪባ ግድብ

ማቱሳዶና በሰሜን ዚምባብዌ በካሪባ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስለ ግድብና ስለ ዱር እንስሳት በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ፓርክ ነው፤ የአውሬው ኑሮ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በግድቡ የውኃ ከፍታም ይወሰናልና።

የዛምቤዚ ወንዝ በ128 ሜትር ግድብ ተዘግቶ ሐይቁ መሙላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ ነበር። ኮረብቶቹ ደሴት ሲሆኑ እንስሳቱ በየደሴቱ ተከበው ቀሩ። ሩፐርት ፎዘርጊል የመራው «ኦፕሬሽን ኖኅ» የተባለው ዘመቻ እስከ 1964 ድረስ ከ6,000 በላይ እንስሳትን አወጣ፤ ተራ ገመድ ቆዳቸውን ስለሚልጥ እግራቸው የሚታሰረው ከሴቶች የናይለን ስቶኪንግ በተጎነጎነ ገመድ ነበር። ብዙዎቹም ማቱሳዶና ውስጥ ተለቀቁ። ይህ ታሪክ በአድናቆት ሲነገር፣ ከወንዙ ዳር ማሳቸው የተነሡት 57,000 ያህል የቶንጋ ብሔረሰብ ሰዎች መዘለላቸው ያሳዝነኛል። አንነሣም ካሉት ውስጥ በሰሜኑ ዳርቻ ስምንት ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል።

ውኃው ሸለቆውን ቢውጥም በዳርቻው ያልታሰበ ግጦሽ አበቀለ። የሐይቁ ከፍታ ከሐምሌ በኋላ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ በተገለጠው እርጥብ መሬት ላይ ፓኒኩም የሚባል ሣር ይለመልማል፤ በዚያው ወቅት ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የሞፓኔ ደን ቅጠሉን አራግፎ ይደርቃል። ስለዚህ ጎሹ ወደ ዳርቻው ይወርዳል፣ አንበሳውም ይከተለዋል። ሐይቁ ለዓመታት ዝቅ ብሎ ሲቆይ ጎሹ በዛ፤ ሞልቶ ሲመለስና ሣሩን ሲያሰጥም ደግሞ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ሐይቁ መጀመሪያ ሲሞላ ሰጥመው የደረቁት ዛፎች ግን ዛሬም ውኃው ውስጥ ቆመው የአሣ በል ንስሮች ማረፊያ ሆነዋል።

በ2022 መጨረሻ የሐይቁ ውኃ እጅግ በመቀነሱ በደቡቡ ዳርቻ ያለው የኃይል ማመንጫ ሥራውን እንዲያቆም ታዞ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም የሚያወራው ስለ መብራት መጥፋት ነው፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። ሆኖም ምን ያህል ውኃ መቼ እንደሚለቀቅ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የፓርኩ ባለሙያዎችና የቶንጋ ዓሣ አጥማጆችም ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል የኛን ኦሞም አስባለሁ፤ 243 ሜትር ከፍታ ካለው ከጊቤ 3 ግድብ በታች የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ከግድቡ በፊት ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ይዘሩ የነበሩ ሰዎችም አሉ።