የማልዲቭስን የአገልግሎት ንግድ መረጃ ስማር፦ ሦስተኛ ወር

ባለፈው ወር "የማልዲቭስን የአገልግሎት ንግድ ሠንጠረዥ አፍታትቼ እመጣለሁ" ብዬ ፎክሬ ነበር። ኤክሴሉ ግን አፍታታኝ።

መጀመሪያ የአገልግሎት ኤክስፖርቱ (አገሪቱ ለውጭ ሰዎች የሸጠችው አገልግሎት) እጥፍ ሆኖ ወጣልኝ። ደነገጥኩ፣ ትንሽም ደስ አለኝ። ለካ "ጠቅላላ" የሚለውን ረድፍ ከነዝርዝሩ አብሬ ደምሬዋለሁ። ይሄኛው ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የባሰው ባዶ ሴሎችን በዜሮ መሙላቴ ነበር። ትንሽ ደሴት ላይ አንዳንዱ ዘርፍ አንድ ወይም ሁለት ድርጅት ብቻ ይኖረዋል። ቁጥሩ ከታተመ የድርጅቱ ሚስጥር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ሆን ተብሎ አይታተምም። ባዶ ሴል ሁልጊዜ "የለም" ማለት አይደለም፤ "አይነገርም" ማለትም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ ቱሪስት ያዝኩና ገንዘቡን ተከተልኩ። ከሮም ወደ ማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ የሚሄድ ሰው እንበል። ቲኬቱን ከውጭ አየር መንገድ ከቆረጠ፣ ያ ገንዘብ የማልዲቭስ ሠንጠረዥ ላይ ጭራሽ አይገባም። ከፋዩም ተቀባዩም ለአገሪቱ የውጭ ሰዎች ናቸውና። ሪዞርት ውስጥ ያደረበት፣ የበላውና ዋና የተማረበት "ጉዞ" ተብሎ ኤክስፖርት ላይ ይመዘገባል። እሰየው። ሳህኑ ላይ ያለው ሥጋ ግን በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የመጣ ነው፤ የዕቃ ኢምፖርት። ሪዞርቱ ለውጭ ብራንድ የሚከፍለው የአስተዳደር ክፍያ የአገልግሎት ኢምፖርት ነው። ባለቤቱ የውጭ ሰው ከሆነ ትርፉ ደግሞ ከአገልግሎት ሠንጠረዡ ውጭ፣ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። እኔ "ጉዞ" የሚለውን መስመር ብቻ አይቼ "አገሪቱ ይህን ያህል አገኘች" ልል ነበር!

የቱሪስት ቁጥርም ብቻውን ያሳስታል። በ2019 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ማልዲቭስ ገብቷል፤ የአገሪቱ ሕዝብ ግን ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበሩ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ተዘግቶ ቁጥሩ ወደ 555 ሺህ ወረደ። ድንጋጤውን ለማየት ይህ ይበቃል። ለፖሊሲ ግን አይበቃም፤ በአንድ ሌሊት መቶ ዶላር የማያወጣውንና ሺዎችን የሚያወጣውን እኩል ይቆጥራቸዋልና።

የሚገርመው፣ ደህና መረጃ ያገኘሁት ከግብር ነው። "አረንጓዴ ግብር" የሚባለው በሰው በአዳር ይከፈላል። ከጥር 2025 ጀምሮ ሪዞርት ላይ 12 ዶላር ነው፤ ቀድሞ 6 ነበር። ሪዞርቶች የከፈሉትን ለ12 ስታካፍሉት የአዳር ቁጥር በግምት ይወጣል። በሌላ በኩል የቱሪዝም የዕቃና አገልግሎት ግብር አለ፤ ከ2023 ጀምሮ 16 በመቶ፣ ከሐምሌ 2025 ደግሞ 17 በመቶ። ከእሱ ሽያጩን መገመት ይቻላል። ከዚያ ሽያጩን ለአዳር ቁጥር ማካፈል ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በአማካይ ስንት እንዳወጣ በግምት ይታያል። ተጠንቀቁ ታዲያ፦ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች በአዳር የሚከፍሉት 6 ዶላር ነው። እኔ ሁሉንም በ12 አካፍዬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አባክኛለሁ።

በሚቀጥለው ወር የባርቤዶስ መረጃ ላይ ነኝ። በ2020 ለርቀት ሠራተኞች የ12 ወር ቪዛ ጀምራለች። በስታቲስቲክስ ደንብ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ያሰበ ሰው ነዋሪ ነው። ቪዛውን ሊያራዝም አስቦ የገባ ሰው ብሪጅታውን ካፌ ቁጭ ብሎ የሚጠጣው ቡና ኤክስፖርት መሆኑ ይቀራል። ይህን የት አምድ ላይ እንደምጽፈው ገና እየተጨቃጨቅኩ ነው፣ ከራሴ ጋር።